መዝገቡ ሳይነካ

የጊት የለውጥ ታሪክ ለአንባቢ ስለሚቀርብበት መንገድ በደብረ ኤልያስ ከተማ ለወጣት መሐንዲሶችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር




በተወለድሁበትና ፊደል በቈጠርሁበት በደብረ ኤልያስ ቆሜ እንድናገር በመጋበዜ የተሰማኝን ደስታ በቅድሚያ ልገልጽ እወዳለሁ። ይህች ከተማ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ናት። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ቅኔ ለመናገር አይደለም፤ ለዚያ ከእኔ የሚበልጡ ሊቃውንት እዚሁ አሉላችሁ። የእኔ ጉዳይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲጻፍ የሚያዘው የለውጥ መዝገብ ነው። ሆኖም የነገሬን መነሻ ያገኘሁት ከዚሁ ከአደግሁበት ቦታ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

በልጅነቴ ዘመዳችን የሆኑ አንድ ካህን የብራና መጽሐፍ ሲያነቡ ከጎናቸው ተቀምጬ አይ ነበር። ማንበብ ገና ስላልቻልሁ ዓይኔ የሚያርፈው በቀዩ ቀለም ላይ ነበር። የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ የየክፍሉም መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል። በመጨረሻው ቅጠል ደግሞ የጸሐፊው ስም፣ ያስጻፈው ሰው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና ዘመኑ የማን ወንጌላዊ እንደ ሆነ ሰፍሮ ነበር። አንድ ቀን ግን ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም የተጻፈበት ቦታ አየሁና ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «መጽሐፉ ባለቤት ለወጠ፤ የፊተኛውን ፍቀው የኋለኛውን ጻፉበት። የፊተኛው ማን እንደ ነበር እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ።

ቀዩ ቀለም አንባቢውን ይመራል እንጂ ከቃሉ አንዳች አይጨምርም፣ አንዳችም አይቀንስም። ፍቁ ግን ታሪክ ያጠፋል። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። የመዝገብን አቀራረብ እንደ አንባቢው ፍላጎት ማበጀት የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚገባም ሥራ ነው፤ መዝገቡን ራሱን መንካት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጊት ምን ይመዘግባል?

ከመካከላችሁ በሌላ ሙያ የተሰማራችሁ ስላላችሁ ከመሠረቱ ልነሣ። አንድ ፕሮግራም በብዙ ሰዎች እጅ ሲጻፍ በየቀኑ ይለወጣል። ማን፣ መቼ፣ ምን፣ ስለ ምን ለወጠ የሚለውን የሚይዘው መሣሪያ የቅጂ ቁጥጥር ሥርዐት ይባላል። ማርክ ሮችካይንድ በ1972 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ኤስ.ሲ.ሲ.ኤስ. የተባለውን ሠራ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ዋልተር ቲሺ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አር.ሲ.ኤስ.ን አወጣ። ዛሬ በብዛት የምንሠራበትን ጊትን ግን በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ለሊኑክስ ሥራ ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር በነጻ መሰጠቱ ሲቀር ሌላ መሣሪያ አስፈልጎት ነበርና ነው።

በጊት በአንድ ጊዜ የሚመዘገበው ለውጥ ኮሚት ይባላል። በአንድ ኮሚት ውስጥ የፋይሎቹ ይዞታ፣ የቀደመው ኮሚት መለያ፣ ለውጡን የጻፈው ደራሲ ስምና ጊዜ፣ ለውጡን ወደ መዝገቡ ያስገባው መዝጋቢ ስምና ጊዜ፣ በመጨረሻም መልእክቱ ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ ተሰልቶ አኃዝና ፊደል የተቀላቀሉበት መለያ ይወጣል፤ በተለመደው ስሌት ርዝመቱ 40 ነው። ከመልእክቱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ይለወጣል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሁሉ መለያቸው ይለወጣል። ስለዚህ በጊት ስም ፍቆ ሌላ ስም የጻፈ ሰው፣ የፊተኛው ቅጂ በሌሎች እጅ እስካለ ድረስ፣ ሥራው ይገለጥበታል።

ልብ በሉ፤ ደራሲና መዝጋቢ ሁለት ናቸው። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ሁለቱንም ስለሚሆን ልዩነቱ አይታሰብም። ነገር ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው «ቼሪ ፒክ» በተባለው ትእዛዝ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ሲያዛውረው ደራሲውና የተጻፈበት ጊዜ እንደ ነበሩ ይቆያሉ፤ መዝጋቢውና የገባበት ጊዜ ግን አዲስ ይሆናሉ። «ጊት ሎግ» የተባለውን ታሪክ የማሳያ ትእዛዝ ያለ ምንም ተጨማሪ ስንሰጥ የሚታየን መለያው፣ ደራሲው፣ የተጻፈበት ቀንና መልእክቱ ነው። መዝጋቢው አይታይም።

ይህ ነገር ስንት እንደሚያስከፍል በራሴ ላይ ከደረሰው ላስረዳ።

የደረሰ በደል

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የውኃ ፍጆታ ሒሳብ የሚያወጣ ፕሮግራም ከሚጽፉት አንዱ ነበርሁ። የመስከረም ወር ሒሳብ ሲወጣ ብዙ ቤተሰቦች ከሚገባቸው በላይ እንዲከፍሉ ተጠየቁ። አቤቱታው በረታ። ኀላፊው የታሪፉን ቀመር ማን እንደ ለወጠው ተጣርቶ በወረቀት እንዲቀርብለት አዘዘ። ከጊት ሎግ ታትሞ የቀረበው ወረቀት የአንዲት ወጣት ባልደረባችንን ስምና አንድ የሐምሌ ቀን ይዞ ተገኘ። ልጅቱ «ለሙከራ ጻፍሁት እንጂ እኔ አላስገባሁትም» ብላ ብትከራከርም ወረቀቱ ስሟን ይዟልና የሚሰማት አልተገኘም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ጉዳይ ስፈልግ ታሪኩን «ፉለር» በተባለው፣ ደራሲውንም መዝጋቢውንም በሚያሳየው አቀራረብ ከፈትሁት። በደራሲው ቦታ የልጅቱ ስም አለ። በመዝጋቢው ቦታ ያለው ስም ግን የእኔ ነበር፤ ቀኑም ጳጉሜን 3። በዓመቱ መለወጫ ጥድፊያ ከእርሷ ቅርንጫፍ የሚያስፈልጉኝን ኮሚቶች ስመርጥ ያየሁት «ዋንላይን» በተባለው አቀራረብ፣ እያንዳንዱን በአንድ መስመር ብቻ ነበር። መስመሩ «የታሪፍ ማስተካከያ» ይላል፤ አነሣሁት፣ አስገባሁት። ከርእሱ በታች ባለው ሐተታ ግን ልጅቱ «ለሙከራ ብቻ፤ ታሪፉ ሳይጸድቅ እንዳይገባ» ብላ ጽፋ ኖሯል።

ወደ ኀላፊው ሄጄ ነገርሁት። ደብዳቤው ተነሣላት፤ በምትኩ ለእኔ ተጻፈ፤ ተገቢም ነበር። ይሁን እንጂ እነዚያ ሦስት ቀናት ለእርሷ ምን እንደ ነበሩ ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እንግዲህ አስተውሉ፤ መዝገቡ አልዋሸም። እውነቱ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጽፎ ነበር። የጎደለው አቀራረቡ ነው፤ አንድ ጊዜ ሐተታውን ከእኔ ሰወረ፣ ሁለተኛ ጊዜ እኔን ከኀላፊው ሰወረ። የለውጥ ታሪክን አቀራረብ ማበጀት የስክሪን ማሳመሪያ ብቻ ነው ብዬ ማሰብ የተውሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

አቀራረቡን ስለ ማበጀት

በላቲን ፊደል የሚጻፉትን ትእዛዞች እንደ አነባበባቸው አቀርባቸዋለሁ። ጊት የተዘጋጁ አቀራረቦች አሉት፤ ከእነርሱም ዋንላይን አጭሩ፣ «ሚዲየም» የተለመደው፣ ፉለር ሰፊው ናቸው። እነዚህ የማይበቁት ሰው «ፎርማት» በሚለው አማራጭ የራሱን ያበጃል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከመቶኛ ምልክት ቀጥሎ የሚጻፍ ፊደል እያንዳንዱን መረጃ ይጠራል። ትንሹ ኤች አጭሩን መለያ፣ ኤ እና ኤን የደራሲውን ስም፣ ሲ እና ኤን የመዝጋቢውን ስም፣ ኤስ ርእሱን፣ ቢ ሐተታውን ያወጣሉ። በመቶኛው ምልክትና በቢ መካከል የመደመር ምልክት ቢገባ፣ ሐተታ ያለው ኮሚት ብቻ አዲስ መስመር ይከፍታል፤ ሐተታ የሌለው በአንድ መስመር ይቀራል። ይህች ትንሽ ምልክት በዚያ ጳጉሜን በፊቴ ብትኖር ኖሮ ያን ስሕተት ባልሠራሁ ነበር።

ቀለምም እንዲሁ ነው። ትልቁ ሲ በቅንፍ ከቀለም ስም ጋር ሲጻፍ ተከታዩ ጽሑፍ በዚያ ቀለም ይወጣል። እኔ ቀዩን ለመዝጋቢው ስም ሰጥቼዋለሁ። «ግራፍ» የተባለው አማራጭ ደግሞ ቅርንጫፎች የተለያዩበትንና የተገናኙበትን በመስመር ይሥላል። ጥያቄያችሁ ስለ አንድ ቀመር ብቻ ከሆነ ደግሞ ትልቁን ኤል ከመስመሮቹ ቁጥርና ከፋይሉ ስም ጋር ስጡት፤ እነዚያን መስመሮች የነኩትን ኮሚቶች ብቻ ከነለውጣቸው ያቀርባል።

ያበጃችሁትን አቀራረብ በጊት ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ፕሪቲ» በሚለው ክፍል ስም ሰጥታችሁ ብታኖሩት ሁልጊዜ በስሙ ትጠሩታላችሁ። አንድ አቀራረብ ግን ለሁሉም ጥያቄ አይበቃም። ዛሬ ምን ተሠራ ለሚል አጭሩ ይበቃዋል፤ ማን አስገባው ለሚል መዝጋቢው መታየት አለበት፤ ለምን ተለወጠ ለሚል ሐተታው ያስፈልገዋል። የትርጓሜ መምህራን ንባቡን ሳይነኩ «አንድም» እያሉ ልዩ ልዩ ፍች እንደሚሰጡ ሁሉ፣ እኛም አንዱን መዝገብ እንደ ጥያቄው ደጋግመን ልናነበው ይገባል።

ስለ ስም

እኛ ኢትዮጵያውያን በራሳችንና በአባታችን ስም እንጠራለን፤ ስማችንን በላቲን ፊደል ስንጽፍም አንድ ወጥ ሥርዐት አንከተልም። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በቲ እና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፤ አንዱ በዋይ ይጨርሰዋል፣ ሌላው በአይ። አንድ ሰው በቤቱ ኮምፒዩተር በአንድ አጻጻፍ፣ በቢሮው በሌላ ቢመዘገብ፣ ጊት እንደ ሁለት ሰዎች ያቀርበዋል።

ለዚህ መፍትሔው «ሜይልማፕ» የተባለ ፋይል ነው። በፕሮጀክቱ ዋና ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ በየመስመሩም ትክክለኛው ስምና አድራሻ፣ ቀጥሎም በመዝገቡ የሚገኘው ይጻፋል። ትክክለኛው ስም በራሳችን ፊደል ሊጻፍም ይችላል። መዝገቡ ሳይነካ ታሪኩ ሲታይ ስሙ ተስተካክሎ ይወጣል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጊት ሎግ ይህን ፋይል ሳይታዘዝ ያነበዋል። ነገር ግን የራሳችሁን ፎርማት ስታበጁ ኤን የሚለውን ፊደል ትልቁን ተጠቀሙ፤ ትንሹ ኤን ስሙን መጀመሪያ እንደ ተመዘገበ ያወጣዋልና።

ስለ ቀን

በዚያ የውኃ ሒሳብ ጉዳይ የታሪፉ ውሳኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የጊት ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ነበሩ አጣሪዎቹ በእጃቸው ሲያመሳክሩ ዋሉ። ጊት የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ እውነት አለ፤ ጊት በመዝገቡ ውስጥ የአውሮፓንም ቀን አይጽፍም። የሚጽፈው ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በግሪንዊች ሰዓት የተቈጠሩ ሰከንዶችንና የጸሐፊው ሰዓት ከግሪንዊች ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የአውሮፓው ቀን ሲታይ የሚለበስ ልብስ ነው። ስለዚህ የእኛንም ልናለብሰው እንችላለን።

የመዝጋቢውን ሰከንዶች የሚያወጣው ከመቶኛው ምልክት በኋላ የሚጻፈው ሲ እና ቲ፣ የደራሲውን የሚያወጣው ኤ እና ቲ ነው። ይህን የምትቀበል አጭር ፕሮግራም እንዲህ ታሰላለች። ለሦስቱ ሰዓት ልዩነት 10,800 ሰከንድ ጨምሩ፤ ለ86,400 አካፍሉ፤ ድርሻው ቀናት ነው። በእርሱ ላይ 842 ደምሩ፤ ይኸውም ከመስከረም 1 ቀን 1960 እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ያሉት ቀናት ናቸው። ድምሩን ለ1,461 ስታካፍሉ ድርሻው የአራት ዓመት ዙሮችን ይሰጣል። ቀሪውን ለ365 ስታካፍሉ በዙሩ ውስጥ ያለፉትን ዓመታት፣ የዚያንም ቀሪ ለ30 ስታካፍሉ ያለፉትን ወሮች ታገኛላችሁ። በተረፈው ላይ አንድ ሲጨመር ዕለቱ ነው።

የጊትን የራሱን የመጀመሪያ ኮሚት ለምሳሌ እንውሰድ። ሰከንዱ 1,112,911,993 ነው። ጊት እንደ ተመዘገበው ሲያሳየው ሚያዝያ 7 ቀን 2005 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይላል፤ የጸሐፊው ሰዓት ከግሪንዊች በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነበርና። በእኛ ስሌት 12,881 ቀናት ይወጣሉ፤ 842 ሲደመር 13,723። ከዚህ 9 ዙር ወጥቶ 574 ይቀራል፤ ከ574 አንድ ዓመት ወጥቶ 209 ይቀራል፤ ከ209 ስድስት ወር ወጥቶ 29 ይቀራል። እንግዲህ መጋቢት 30 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ነው። በዚያ አገር ገና ቀን ሳለ በእኛ ዘንድ ሌሊቱ ተጋምሶ ዕለቱ ተለውጦ ነበር። በውጭ አገር ካሉ ኢትዮጵያውያን ጋር አንድ ፕሮግራም የምትጽፉ ሁሉ ይህን አትዘንጉ።

አንድ ወጥመድም ላስጠንቅቃችሁ። ቀሪው 1,460 በሆነ ጊዜ ለ365 ሲካፈል 4 ይደርሳል፤ ነገር ግን በዙሩ ውስጥ ከ3 በላይ ያለፈ ዓመት ሊኖር አይችልም። ያ ቀን ጳጉሜን 6 ነው። ድርሻውን በ3 ያልገደበ ፕሮግራም ጳጉሜን 6ን መስከረም 1 ይለዋል፤ በማግስቱም መስከረም 1 ይላል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ እንቁጣጣሽን ሁለት ጊዜ ያከብራል ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ተማሪ ይህን አይስትም፤ መሐንዲስም ሊስተው አይገባም።

ሌላው ወጥመድ የጊት የራሱ ነው። «ሲንስ» በሚለው አማራጭ ከዚህ ቀን ወዲህ ያለውን አሳየኝ ስትሉት የሚያጣራው በመዝጋቢው ቀን ነው፤ በተለመደው አቀራረብ የሚያሳያችሁ ግን የደራሲውን ቀን ነው። ከመስከረም ወዲህ ያለውን ጠይቃችሁ የሐምሌ ቀን የያዘ ኮሚት ብታገኙ አትደነቁ፤ ሁለቱንም ቀኖች አውጥታችሁ ተመልከቱ።

ስለ ፊደላችን

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በጊት ውስጥ የኮሚት መልእክት በአማርኛ ቢጻፍ በደኅና ይወጣል፤ የፋይል ስም ግን በአማርኛ ሲሆን በተለመደው አቀራረብ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት የቁጥር ቡድን ሆኖ ይታያል። «ሀ» 341፣ 210፣ 200 ሆና ትወጣለች። «ኮር» በሚለው ክፍል ያለውን «ኮትፓዝ» የተባለ ማስተካከያ ስታጠፉት ስሙ እንደ ተጻፈ ይነበባል። ደግሞም ፊደሎቻችን ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ በአማርኛ የሚጻፈውን ርእስ በመስመሩ መጨረሻ አድርጉት፤ ዐምዶቹ አይዛቡባችሁም።

ስለ ጥንቃቄ

አቀራረብ የሚገልጠውን ያህል ይሰውራል። ሁለት ቅርንጫፎች የተገናኙባቸውን ኮሚቶች ወይም የጎን ቅርንጫፎችን የሚተዉ አማራጮች ስክሪኑን ያጠሩታል፤ ግን የተሰወረው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ግዴታችን ነው። በተለይ ሰውን ለመጠየቅ ወይም ለመክሰስ የሚታተም ወረቀት በፉለር መታተም አለበት፤ የታተመበትም ትእዛዝ ከራስጌው ይጻፍ።

ከቀረበ በኋላ ስሕተት የተገኘበት መልእክት ቢኖርስ? «ኖትስ» የተባለው መሣሪያ ኮሚቱን ሳይነካ ማስታወሻ ያያይዝበታል፤ በብራና ኅዳግ እንደሚጻፈው ያለ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር እወቁ፤ ማስታወሻው በተለመደው አቀራረብ ሲታይ በራሳችሁ ፎርማት ግን ትልቁን ኤን ካልጨመራችሁ አይታይም፤ ወደ ሌሎች ቅጂዎችም ሆን ተብሎ ካልተላከ አይሄድም። መዝገቡን ራሱን እንደ ገና የሚጽፉ ትእዛዞች መኖራቸውን አልክድም፤ ለሌላ ያልተላከ የግል ረቂቅ ቢታረምባቸው ነውር የለውም። ለሌሎች የደረሰውን ግን መፋቅ የለብንም።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አባላት አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የጊት ማስተካከያ ፋይል ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ አይገለበጥም፤ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ አቀራረብ እያየ ስለ አንድ ታሪክ የተለያየ ነገር ይናገራል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤታችሁ ደራሲውን፣ መዝጋቢውን፣ ሁለቱን ቀኖችና ሐተታውን የሚያሳይ አንድ የጋራ አቀራረብ ተስማምታችሁ በፕሮጀክቱ ውስጥ አኑሩ፤ እያንዳንዱም ሠራተኛ «ኢንክሉድ» በሚለው ማስተካከያ ወደ ራሱ ይጥራው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያች ባልደረባችን ያሳለፈቻቸውን ሦስት ቀናት ለሌላ ሰው ሊያስቀር ከቻለ ትርፉ ብዙ ነው።